የመጽሐፍ ፍጻሜና የአንባቢ ፈቃድ

ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግብር የሚያበላ ባለቤትን ይመስላል፤ ገበታውን የሚያሰናዳው እርሱ ነው፥ ጣዕሙን የሚፈርደው ግን እንግዳው ነው። አንዳንድ ጊዜም እንግዳው ደስ ብሎት ሲበላ ቈይቶ፥ በመጨረሻው ጕርሻ ላይ ጠጠር እንደ ነከሰ ሰው ተቈጥቶ ይነሣል። ያን ጊዜ የቀድሞው ጣዕም ሁሉ ይረሳል፤ የሚወራውም ስለ ጠጠሩ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአንዲት ወጣት ደራሲ መጽሐፍ ላይ ደርሷል። ነገሩ ለላይ ተመልካች የወጣቶች ጨዋታ ቢመስልም፥ በውስጡ ስለ ፍቅርና ስለ ሞት የተነሣ ከባድ ጥያቄ ስላለበት ዐዋቂም ቢመረምረው አይጐዳም።

ደራሲዪቱ ቬሮኒካ ሮት ትባላለች። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጻፈችው ኖርዝዌስተርን በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ነው፤ በ2011 ታትሞ ሲወጣም ዕድሜዋ ገና 22 ዓመት ነበረ። ስሙ «ዳይቨርጀንት» ነው፤ ይኸውም ከሌላው የተለየ ማለት ነው። ሁለተኛው «ኢንሰርጀንት» በ2012፥ ሦስተኛውና የመጨረሻው «አሊጀንት» በ2013 በኦክቶበር ወር ወጡ። የሦስተኛው ናፍቆት እጅግ ብርቱ ስለ ነበረ በወጣበት በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ450 ሺህ የሚበልጥ ቅጂ ተሸጠ።

የታሪኩ ሥፍራ የሺካጎ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ዛሬ የምትታወቀው ሳትሆን፥ በሚመጣው ዘመን እኩሌታዋ ፈርሶ በአጥር ተከባ የምትኖር ናት። ሕዝቧ በአምስት ወገን ተከፍሏል፤ አንዱ ወገን ራስን መካድን፥ ሁለተኛው ሰላምን፥ ሦስተኛው እውነት መናገርን፥ አራተኛው ድፍረትን፥ አምስተኛው ዕውቀትን ከሁሉ በላይ አድርጎ ይይዛል። ልጆች 16 ዓመት ሲሆናቸው ከአምስቱ አንዱን በአደባባይ ይመርጣሉ፤ ከተወለደበት ወገን ሌላ የመረጠም ከአባቱና ከእናቱ ቤት ይለያል። ትሪስ የተባለችው ልጅ ራሳቸውን ከሚክዱት ተወልዳ ደፋሮቹን መረጠች፤ በዚያም ቶቢያስ የሚባል ጐልማሳ አሠልጣኝ አግኝታ ተዋደዱ። እንግዲህ አንባቢው መንገዱን የሚጀምረው በሁለት ገመድ ተስቦ ነው፤ አንደኛው የከተማዪቱ ምሥጢር፥ ሁለተኛው የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር ነው። ብዙዎቹን ይልቁን የሳባቸው የፍቅሩ ገመድ ነበረ።

በሦስተኛው መጽሐፍ ወጣቶቹ ከአጥሩ ውጭ ወጥተው፥ ከተማቸው የሰው ዘር የሚፈተንባት፥ ሹማምንትም በሩቅ ሆነው የሚመለከቷት መሞከሪያ መሆንዋን ይረዳሉ። በከተማዪቱ ሁከት ስለ ተነሣም ሹማምንቱ የሕዝቡን ሁሉ ትዝታ በመድኃኒት ለመደምሰስ ይወስናሉ። ይህን ለማስቀረት አንድ ሰው ገዳይ መርዝ በሚነፋበት ሥፍራ አልፎ መግባት ነበረበት። ኬሌብ የሚባለው የትሪስ ወንድም ቀድሞ እኅቱን ለጠላት አሳልፎ የሰጠ ነበረና፥ በደሉን ለመካስ እኔ እገባለሁ አለ። በመጨረሻው ሰዓት ግን ትሪስ ወንድሟን አስቀርታ እርስዋ ገባች። መርዙ ሳይገድላት ቀረ፤ ነገር ግን ከውስጥ በነበረው ሹም ጥይት ተመትታ ሥራዋን ፈጽማ ሞተች። ቶቢያስም ከሄደበት ሲመለስ የሚወዳትን ሞታ አገኛት።

ይህ በታወቀ ጊዜ በአንባቢዎች መካከል ታላቅ ክርክር ተነሣ። ሦስቱን መጽሐፍ ከትሪስ ጋራ የኖሩት፥ በእርስዋ ዓይን ያዩና በእርስዋ አንደበት የሰሙ ወጣቶች፥ እንደ ተካዱ ቈጠሩት። እኩሌቶቹ አለቀሱ፤ እኩሌቶቹ መጽሐፉን አራከሱ፤ አንዳንዶቹም ከመጽሐፉ አልፈው ደራሲዪቱን እስከ መዝለፍ ደረሱ። ከእነርሱም መካከል ሁለተኛውን መጽሐፍ የታሪኩ ፍጻሜ አድርገው ሦስተኛውን እንዳልተጻፈ ሊቈጥሩት የወደዱ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ በሞቱ ሳይሆን በአሠራሩ ተከራከሩ። የቀድሞዎቹ መጻሕፍት በትሪስ ቃል ብቻ ሲነገሩ ሦስተኛው በትሪስና በቶቢያስ ቃል ተከፋፍሎ ነበርና፥ የሁለቱ አነጋገር ስለሚመሳሰል ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ለመለየት ተቸግረናል አሉ። ስለ ሰው ዘር ባሕርይ የተሰጠውም ማብራሪያ ልል ነው አሉ።

በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ፍጻሜ ሊኖር አይችልም ብለው መለሱ። ራስን ከመካድ ወገን የተወለደች ልጅ፥ ያን ወገን ትታ ሄዳ፥ በመጨረሻ የሸሸችውን ምግባር በገዛ ፈቃድዋ መፈጸምዋ የታሪኩን ራስና ጅራት ያገናኛል አሉ። ሞት በሌለበት ጦርነት፥ ዋጋ በማይከፈልበት ጀግንነት የጠገቡ አንባቢዎችም እውነቱን የነገረችን እርስዋ ናት ብለው አመሰገኑ።

መጽሐፉ ከወጣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደራሲዪቱ ራስዋ ምክንያትዋን ጽፋ አስረዳች። የነገሩ ፍሬ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የትሪስ አባትና እናት ስለ እርስዋ ሲሉ ይሞታሉ። በሁለተኛው ትሪስ ራስዋን ለጠላት አሳልፋ ትሰጣለች፤ ነገር ግን ያ ከኀዘንና ከጸጸት የተነሣ ሕይወትን መጥላት ነበረ እንጂ እውነተኛ መሥዋዕት አልነበረም። በሦስተኛው ግን መኖርን እየወደደች፥ የምትወደውም ሰው እየጠበቃት፥ ስለ ወንድምዋ ፍቅር ትገባለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ የልጅቱ የዕድገትዋ መጨረሻ ነው።

አንባቢ በደራሲ ላይ ሲቈጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ በ1861 «ታላቅ ተስፋ» የተባለውን መጽሐፉን ሲጨርስ፥ የመጀመሪያው ፍጻሜ ኀዘን ይበዛዋል ብሎ ወዳጁ ደራሲው ቡልወር ሊተን ስለ መከረው ፍጻሜውን ለውጦታል። አርተር ኮናን ዶይልም በ1893 ሸርሎክ ሆልምስን በሞት ባሰናበተው ጊዜ አንባቢዎች ተቈጥተው ታሪኩ ይወጣበት የነበረውን መጽሔት መግዛት ተዉ፤ እርሱም ከብዙ ልመና በኋላ በ1903 ሞተ ያለውን ሰው በሕይወት መለሰው። ቬሮኒካ ሮት ግን የጻፈችውን ጽፋለች፤ ትሪስን አላስነሣቻትም።

እንግዲህ ፍርዱ ለማን ይሁን? በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ክርክር በሰምና በወርቅ ሊመዝነው ይችላል። የዚህ ታሪክ ሰሙ የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር ነው፤ ወርቁ መሥዋዕት ነው። ቅኔ ወርቁ የቱን ያህል ቢከብር ሰሙ ከተበላሸ መምህር አያሳልፈውም። ስለዚህ የሁለቱ ተናጋሪዎች ድምፅ አልተለየም፥ ማብራሪያውም ልል ነው ያሉት አንባቢዎች ሰሙን መርምረው ጕድለት አግኝተዋልና ወቀሳቸው በሚገባ ነው። ደራሲዪቱም ወርቁን በኋላ በተጨማሪ ጽሕፈት መፍታት ግድ ስለ ሆነባት፥ የሰሙ ሥራ ለሁሉ እንዳልበቃ ይታያል። ቅኔ በተነገረበት ሥፍራ «ይበል» የሚያሰኝ እንጂ በማግስቱ የሚተረጐም ሲሆን ኀይሉ ይደክማል።

ስለ ሞቱ የተቈጡት ግን ሌላ ነገር ዘንግተዋል። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳትም ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በስፍራውም ወርቁ ይገባል። ሰሙ አይቅለጥብኝ የሚል ሰው ጌጡን አያገኝም። አንባቢዎቹ የሁለቱን ፍቅር ወደዱ፤ ነገር ግን ያ ፍቅር እንዲወደድ ያደረገው፥ ልጅቱ ከራስዋ ይልቅ ሌላውን ለማስቀደም የምትችል ነፍስ ስለ ነበረች ነው። በመጨረሻው በር ላይ ወንድምዋን ልካ ብትቀር ኖሮ፥ በሕይወት የምትኖረው ልጅ የወደዷት ልጅ ባልሆነች ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። በዳዩ ወንድም ሲኖር ያልበደለች እኅት ለምን ትሞታለች? ይህስ ሴቶች ልጆችን ለሰው በደል ዕዳ ከፋዮች እንዲሆኑ አያስተምርምን? ይህ ጥያቄ በቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ በየአገሩ የእኅት ድካም ለወንድም ምቾት የሚከፈልበት ቤት ብዙ ነውና። ነገር ግን ትሪስን ማንም አላስገደዳትም፤ የዳነውም ወንድምዋ ብቻ ሳይሆን የአንድ ከተማ ሕዝብ ትዝታ ነው። ወንድምዋንም ያስቀረችው በደሉን ስለ ረሳች ሳይሆን እያስታወሰች ነው። በግድ የተነጠቀ ነፍስ ግፍ ይባላል፤ በፈቃድ የተሰጠ ነፍስ ግን ስሙ ሌላ ነው። መጽሐፉን ለልጁ የሚሰጥ አባት ይህን ልዩነት አብሮ ሊነግረው ይገባል፤ ይልቁንም ከኀዘን ብዛት ሞትን የሚመኝ ልብ መሥዋዕት አቀረብሁ ብሎ ራሱን እንዳያታልል።

በመጽሐፉ መጨረሻ ቶቢያስ ኀዘኑ ስለ በረታበት የማስረሻውን መድኃኒት ጠጥቶ ትሪስንም ሕመሙንም በአንድነት ሊረሳ ያስባል፤ አንዲት ወዳጃቸው ደርሳ ታስተወዋለች። ሦስተኛውን መጽሐፍ እንዳልተጻፈ የቈጠሩት አንባቢዎች ሳያውቁት ይህንኑ ጽዋ አንሥተዋል። የሲኒማ ሠሪዎቹም ዕጣ እንዲሁ ሆነ፤ የመጨረሻውን መጽሐፍ ከሁለት ከፍለው በ2016 የመጀመሪያውን ክፍል አሳዩ፤ ገበያው ስለ ቀዘቀዘም ሁለተኛው ሳይሠራ ቀረ። ስለዚህ ሲኒማውን ብቻ የተመለከተ ሰው ትሪስ በሕይወት እንዳለች ይተዋታል፤ የሞተችለትንም ነገር አያውቅም።

ቶቢያስ ግን ጽዋውን አልጠጣም። ትዝታውን ከነሕመሙ ይዞ ኖረ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላም ቀድሞ ይፈራው ከነበረው ከፍታ ላይ ሆኖ አመድዋን በትኖ ተሰናበታት። አንባቢም ከመጽሐፍ ጋራ የተጣላ እንደ ሆነ ሊያደርገው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ጕድለቱን ይንቀፍ፥ ኀዘኑን ይዘን፥ ነገር ግን የተነገረውን እንዳልሰማ አይሁን። ደስ የሚያሰኝ ፍጻሜ መጽሐፉ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ ያሳዘነ ፍጻሜ ግን ብዙ ጊዜ ከአንባቢው ጋራ ወደ ቤቱ ይገባል።