የተቆጠረ ጽድቅ

«ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ አባባል ውስጥ ጽድቅ ሩቅ ነገር ነው፤ በጾም፣ በስግደትና በምጽዋት ተደክሞ የሚደረስበት። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ስለ አብርሃም ሲጽፍ የመረጠው ቃል ከነጋዴ መዝገብ የማይርቅ ነው። «መቁጠር» የሚለውን የግሪክ ግስ በዚያ አንድ ምዕራፍ 11 ጊዜ ይደጋግመዋል። የሠራ ሰው ደመወዙን የሚቀበለው ስለሚገባው ነው፤ ለሚያምን ሰው ግን ያልደከመበት ጽድቅ በስሙ ይመዘገብለታል።

ማርቲን ሉተር ትምህርቱን ያቆመው በዚህ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ዘልቆ ከእርሱና ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። ጉዳዩ ግን በእኛ ቤት ዛሬም አላለቀም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት እምነትን ከምግባር አይነጥልም፤ ወንጌላውያን ደግሞ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው ይላሉ።

ናይሮቢ፣ ሩንዳ ውስጥ ይህ ልዩነት በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ነበር። ልጁ በስደት ወንጌላዊ ሆኗል፤ እናቱ ሊጠይቁት ከጎንደር መጥተዋል። ዓርብ እርሱ ሥጋ ሲበላ እሳቸው ሽሯቸውን ይይዛሉ።

«እማዬ፣ ጽድቅ በጾም አይገዛም። ክርስቶስ ከፍሎታል።»

«ከከፈለልኝማ፣ ልጄ፣ ዝም ብዬ ልብላ?»

ከክርክሩ በታች ፍርሃት አለ። እናት ልጃቸው ከአባቱ መቃብር አጠገብ እንዳያርፍ ይሰጋሉ፤ ልጅም እናቱ በድካማቸው ተማምነው እንዳይቀሩ።

በወሩ መጨረሻ ልጁ ለዘበኛው ደመወዙን አስፈርሞ ይከፍላል። እናቱ ግን ቋንቋውን ሳያውቁ በየማለዳው ዳቦና ሻይ ያወጡለታል። ለዳቦው ፊርማ የለም፤ ዘበኛው እጁን ከመዘርጋት በቀር የሠራለትም ነገር የለም። ልጁ በቃል ሲያስረዳ የከረመውን ስጦታ እናቱ በሳህን ይዘውት ይወጡ ነበር። የእሳቸውም ጥያቄ ባዶ አይደለም፤ በነጻ የተቀበለ ሰው ምስጋናውን በምን ያሳይ?

በላቡ ላደረ ሰው፣ ይልቁንም ለስደተኛ፣ ያልደከመበትን መቀበል ከመድከም ይከብዳል። ከአብርሃም የተፈለገው ግን ይኸው ነበር፤ እርሱም አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነው።