ላም አትጾምም፦ ከሾላ ቅቤ ተራ

ሾላ ገበያ ቅቤ ተራ የገባ ሰው ከዋጋ በፊት የሚቀርብለት ጥያቄ አለ፦ «ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ በሳል?»

ለጋው በቅርቡ የተናጠው ነው፤ ለፀጉርም ለአፍም ይሆናል፣ ዋጋውም ከሁሉም ከፍ ይላል። በሳሉ የቆየው ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ሲነጠር ግን «ዶሮ ወጥ ያለ እሱ አይጥምም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ነጋዴዋ ሦስቱንም ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። ለጋው ሳይሸጥ ከሰነበተ መካከለኛ ይሆናል፣ ከዚያም በሳል። ዋጋው ይወርዳል እንጂ ዕቃው አይጣልም። ከጎኑ ደግሞ ማር አለ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ቅቤ የሚጠይቅ ሲጠፋ የሱቁን ኪራይ የሚሸፍነው እሱ ነው።

የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ረጅም ስም አላቸው፤ የምርት ስብጥርን በምርቶቹ የዕድሜ ዑደት መምራት ይሉታል። ቴዎዶር ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምርት ዕድሜ ጻፈ፤ ምርትም እንደ ሰው ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይጎለምሳል፣ ያረጃል። የቦስተን አማካሪ ድርጅት መሥራች ብሩስ ሄንደርሰን በ1970 የአንድን ኩባንያ ምርቶች እንዴት አመዛዝኖ መያዝ እንደሚገባ አብራራ። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ዝነኛዋ «የምትታለበዋ ላም» ናት፦ ገበያዋ ማደግ ያቆመ፣ ገንዘብ ማስገባቷን ግን ያላቆመች ምርት። እሷ የምትታለበው ነገ የሚያድገውን ጥጃ ለመመገብ ነው።

ሾላ ላይ ላሟ የእውነት ላም ናት። የሀገሪቱ ዘመናዊ የወተት ሥራ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት በስጦታ ከመጡ 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ነው። በ1960 ዩኒሴፍ ያኔ የከተማው ዳር በነበረው ሾላ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋመ። በ1979 የተወረሱት ትልልቅ እርሻዎች ተጠቃለው የወተት ልማት ድርጅት ተመሠረተ፤ እሱም ኋላ ወደ ግል ዞሮ ላሜ ዴሪ ሆነ። የሰፈሩ ስም ግን ላስቲኩ ላይ ቀረ። ከሰበታ «ማማ» እስክትመጣ ድረስ ለብዙ አዲስ አበቤ የላስቲክ ወተት ማለት «ሾላ» ማለት ነበር።

የላስቲክ ወተት ጥሩ ላም ነው። ችግሩ የመጽሐፉ የዕድሜ ኩርባ በዓመታት የሚለካ መሆኑ ነው፤ እዚህ ያው ኩርባ በየሳምንቱ ይወጣል ይወርዳል። ለምእመናን ሁሉ ግዴታ የሆነው የጾም ቀን ብቻ በዓመት 180 ገደማ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አለ።

ላም ግን አትጾምም። ጠዋትም ማታም ትታለባለች፣ ፉርሽካዋም በጾም ዋጋው አይቀንስም። በዚህ ጊዜ ወተት የሚሰበስቡ ፋብሪካዎች የሚረከቡትን ይቀንሳሉ፤ የተመለሰው ወተት የገበሬው ዕዳ ይሆናል። አንድ ኩባንያ በአንድ ምርት ላይ ተቀምጦ ሲቀር ሒሳቡን የሚከፍለው ሁልጊዜ ኩባንያው አይደለም። ሱሉልታና ሆለታ ያለው አርቢ ይከፍልለታል። እሱስ ምን ያደርጋል? ይንጠዋል። ያ ቅቤ ዞሮ ዞሮ እንደ ሾላ ያለ ገበያ ይደርሳል። ኢንዱስትሪው ያልሠራውን የስብጥር ሥራ ቅቤ ተራ ይሠራለታል ማለት ነው።

(ቅቤ ተራም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር እየደባለቁ የሚሸጡ አሉ። ያለቀለትን ዕቃ በለጋ ዋጋ መሸጥ የዕድሜ ዑደት አያያዝ አይባልም፣ ማጭበርበር ነው።)

«ታዲያ ለምን ዱቄት ወተት አያመርቱም?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ከውጭ እያስገባን እኮ ነው። ግን የዱቄት ፋብሪካ ውድ ነው፣ ብዙ ወተት ይፈልጋል፤ የጾሙን ትርፍ ብቻ ጠብቆ ከፋሲካ በኋላ ሥራ ፈትቶ የሚቆም ማሽን ባለቤቱን ያከስራል። በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ ወራት የሚቆየው ወተት የተሻለ አማራጭ ነው፤ ማሸጊያው ግን ዶላር ይጠይቃል። ሳምንታትና ወራት የሚቆይ አይብ አለ፤ ገዢው በአብዛኛው ሆቴልና ፒዛ ቤት ነው። ከሁሉ የሚገርመው የጾም መጠጥ ነው። ከአኩሪ አተር የሚሠራ የጾም ወተት የሚጠጣ ሕዝብ ባለበት ከተማ፣ የወተት ስም፣ ቀዝቃዛ መኪናና የሱቅ ደንበኛ ያለው ድርጅት ከማንም በፊት ሊይዘው የሚገባ ገበያ ነበር። ማንኛቸውም ብቻቸውን አያድኑም፤ ላሟ ከምታስገባው ገንዘብ ለእነሱ ስንት ይመደባል የሚለው ግን በየዓመቱ የሚወሰን ውሳኔ ነው። አለመመደብም ውሳኔ ነው።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነጋዴዋ የማሩን ባልዲ ወደ ኋላ ትገፋለች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ለጋ ወደ ፊት ይመጣል።