ጊታሩን የሚመታው ማን ነው?

ጂሚ ሄንድሪክስ አንደኛ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ሮሊንግ ስቶን የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 የመቶ ታላላቅ ጊታሪስቶችን ዝርዝር ሲያወጣ አንደኛ ያደረገው እሱን ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ዝርዝሩን ወደ 250 ሲያሰፋውም አንደኛው እሱው ነው። ሰውየው የሞተው በ1970፣ ገና በ27 ዓመቱ ነው። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሞቶ አንደኛ የሆነን ሰው እኛ ማን ነንና እናወርደዋለን? ስለዚህ ሄንድሪክስን ዙፋኑ ላይ ትተነው ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ከኢትዮጵያ ጊታር መቺዎች ታላቁ ማን ነው? ሊወራለት ሲገባ ያልተወራለትስ?

በዚህ የምንነታረከው አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስት ሴት፣ ሁለት ወንድ። አምስታችንም ጋዜጠኝነት ተመርቀናል (በተመረቅንበት ስንቶቻችን እንደምንሠራ አትጠይቁን)። ጊታር መምታት የሚችል ከመካከላችን የለም፤ ለመከራከር ግን ይህ አግዶን አያውቅም። ኳስ ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ አርሴናል አሰላለፍ ሲያወራ ሰምታችሁ የለ?

የመጀመሪያው ወገን የጃኖ ወገን ነው። “ሮክ ካላችሁ ሮክ ነው፣ ምን ወዲያ ወዲህ ያስብላል?” ይላል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 “ኤርታሌ”ን በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ይዞ ሲመጣ እኛ ገና ልጆች ነበርን። አልበሙን የሰማነው ከታላላቆቻችን ስልክ ላይ ነው። ታላላቆቻችን ጭንቅላታቸውን ሲወዘውዙ እናቶቻችን ደግሞ “ምን ሆኑብኝ?” ይሉ ነበር። በዚያ አልበም ላይ የሚካኤል ኃይሉ ጊታር ዘፋኞቹን አጅቦ አይቀርም። ፊት ወጥቶ ይጮኻል፣ አራት ድምፃውያን ባሉበት ባንድ ውስጥ እንደ አምስተኛ ድምፃዊ ይገባል። ይህን ክርክር የጃኖ ወገን በቀላሉ ያሸንፍ ነበር፣ ሁለተኛው ወገን ባይኖር።

ሁለተኛው ወገን አንዲት ሴት ናት፤ አንድ ለአራት ትበቃለች። የእሷ ሰው ሰላም ስዩም ወልደማርያም ነው፤ ሙዚቀኞቹ ሰላሚኖ የሚሉት። መሐሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 “ኧረ መላ መላ”ን ያስቀረፀው ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲሆን ጊታሩን የሚመታው ሰላም ነው። ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ፣ ሳክስፎኑ የፈቃዱ አምደመስቀል። ይህ ሙዚቃ በ1986 ክራምድ ዲስክስ በሚባል የቤልጂግ አሳታሚ በኩል አውሮፓ ገባ። ኢትዮፒክስ የሚባለው ተከታታይ ሲጀመርም ሰባተኛው ቅጽ እሱው ሆነ። በ2007 መሐሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተሸለመ። አይቤክስ ደግሞ ወደ ሮሃ ባንድ ተለወጠና በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች ላይ ተጫወተ። ጥላሁን፣ መሐሙድ፣ ኤፍሬም፣ ነዋይ፦ ወላጆቻችን ሲጫጩ ከበስተጀርባ የነበረው ጊታር፣ በብዙው፣ የአንድ ሰው ጊታር ነው።

“ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችሎታው? ሶሎ እንኳ የለው!” ይላል የጃኖ ወገን።

እዚህ ላይ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ጆሯችን ላይ ትደቅነዋለች። “ዘፋኙን እርሱት፣ ከሥር ያለውን ስሙ።” ከሥር አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ዜማ አለ። አይፈጥንም፣ አይጮኽም፣ አይደክምም። አንዴ ከሰማችሁት ግን ከዚያ በኋላ ዘፋኙን መስማት ይቸግራችኋል። ጊታር አንገቱ ላይ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፅ አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ የእኛ አገር ጊታር መቺ ግማሽ ሥራው የማይነካውን ማወቅ ነው። ሰባቱን ትቶ በአምስቱ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ማስጨፈር፣ ያውም ሳይሰለች! ሄንድሪክስም ቢሆን ብዙውን ሶሎ የሠራው በአምስት ድምፅ ነው፤ አንቺሆዬን ግን አልሞከራትም።

ተማሪ ሳለን፣ በአንድ የበጋ ዕረፍት፣ ይህን ክርክር ይዘን ደረስጌ ሄድን። ሁለቱ ጓደኞቻችን ደባርቅ ያደጉ ናቸውና የደረስጌ ማርያምን ሳናይ እንዳንመለስ አስምለውናል። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ብርዱ የሰሜን ብርድ ነው። የሾፌሩ ፍላሽ ደግሞ “ትራክ 07”፣ “ትራክ 08” ከማለት በቀር የዘፈኑንም የዘፋኙንም ስም አይናገርም። አንድ የመሐሙድ ዘፈን ሲመጣ ልጅቷ ወደ ሾፌሩ ጠጋ አለች።

“ጋሼ፣ ይሄን ጊታር የሚመታው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?”

“መሐሙድ ነዋ!”

“አይ፣ ጊታሩን ማለቴ ነው።”

“ዘፈኑ የመሐሙድ አይደል? ጊታሩም የመሐሙድ ነው።” ማርሽ ቀየረ። ነገሩ አለቀ።

ሾፌሩ ላይ አትፍረዱ። ድሮ የካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶ ይወጣል፣ ከሥር በትንሹ “ሙዚቃ፦ ሮሃ ባንድ” ይባላል። ባንድ ማለት ደግሞ ሰው አይደለም፤ የማኅበር ስም ነው። ካሴቱ ሲዲ ሆነ፣ ሲዲው ፍላሽ ሆነ፣ ያቺ ትንሿ መስመርም ወደቀች። በፈረንጆቹ ዘንድ “ያልተወራለት ጊታሪስት” ሲባል አርባኛ መውጣት ሲገባው መቶኛ የወጣ ሰው ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ስሙ ራሱ የለም። ዝርዝር ቢኖር ኖሮማ መጣላት እንዴት ደስ ባለን!

ደረስጌ ደርሰን ቤተ ክርስቲያኑን ስናይ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት የሰሜኑ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ናቸው። ሲያሠሩ በሐሳባቸው ራሳቸው ሊነግሡበት ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል መቷቸው። ቀናት ሳይቆዩም፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

“አያችሁ?” አለች የሮሃዋ ልጅ፣ “ጊታር መቺ ማለት ውቤ ነው። ቤቱን ሠርቶ፣ ዘፋኙ መጥቶ ዘውድ ጫነበት።”

“ውቤማ አጃቢ አይደሉም!” አለ የጃኖው፤ እውነቱን ነው፤ ትግሬንና ሰሜንን የገዙ፣ ዘውዱን ራሳቸው የፈለጉ ሰው ናቸው። “ጊታሪስቱ ሺምፐር ነው።” ሺምፐር ለውቤ ግንባታውን የመራላቸው ጀርመናዊ ነው። ሙያው የዕፅዋት ጥናት ሲሆን በስሙ የተሰየሙ የአበሻ ዕፅዋት ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ሲያዩ ግን ስሙን የሚያነሳ ጎብኚ ጥቂት ነው።

“ድንጋዩን የተሸከሙትስ?” አለች ሌላዋ። እሷ ጥያቄ እንጂ ወገን የላትም። ዝም አልን፤ የድንጋይ ተሸካሚዎቹን ስም ማንም አልጻፈው።

ወገን የላትም አልን እንጂ ኋላ ላይ አወጣች። “እስካሁን የጠራችኋቸው በሙሉ ወንዶች ናቸው” አለችና አስናቀች ወርቁን አመጣችብን። ስለ አስናቀች ሲወራ ቁንጅናዋ ይነሳል፣ ትወናዋ ይነሳል፣ ነገረኛ ግጥሞቿ ይነሳሉ። በሞተችበት በ2004 ዓ.ም. የተወራውም ይኸው ነበር። ጣቶቿስ? ያንን ሁሉ ስትዘፍን ክራሩን የምትመታው ራሷ ናት እኮ! ዘፈኗን እየመራች፣ ራሷን እያጀበች፣ በመካከል እየመለሰች። የአሜሪካዋ ሲስተር ሮዜታ ታርፕም እንዲሁ ናት። ሮክ የሚባል ስም ሳይወጣ በፊት በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ስታስጮህ የኖረች ሴት በ1973 ሞተች፤ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ያስገባት በ2018 ነው። በ2023ቱ የሮሊንግ ስቶን ዝርዝር ስድስተኛ ናት። አርባ አምስት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ቆጠሯት፤ የአስናቀችን ጣቶች የቆጠረ ግን አላየንም።

“ክራር ጊታር አይደለም” የሚል ተቃውሞ ተነሳ። ተቃውሞው እስከ ደባርቅ ብቻ ቆየ።

በመልሱ ጉዞ ማታ አንድ የባህል ቤት ገባን። መድረኩ ላይ ሁለት ክራር ነበር፤ ሊድ ክራርና ባስ ክራር፣ ሁለቱም ሽቦ ተሰክቶባቸው ስፒከር ውስጥ የገቡ። ዘፋኟ ግንባር ላይ ብር ይለጠፋል፣ ስሟ ይጠራል፣ እልልታው ይቀልጣል። ሊድ ክራር የሚመታው ልጅ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይገርፋል። አንድ ቦታ ላይ የሮሃዋ ልጅ ጉልበታችንን ያዘችን። ያቺ ቁርጥ ቁርጥ ያለች ዜማ! የሰላም ስዩም ጊታር፣ በክራር!

እረፍት ሲሆን ጠራነውና ከየት እንደተማረው ጠየቅነው።

“ከአባቴ ካሴት ነው የለቀምኩት” አለ። “ማን እንደሚመታው አላውቅም። ክራር የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ግን ያስታውቃል።”

ስሙን ነገርነው። አንዴ ደገመው፣ ስልኩ ላይ ጻፈው፣ ቢራውን ጨርሶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያን ሌሊት ድምፅ ሰጠን። ሰላም ስዩም ሁለት፣ ሚካኤል ኃይሉ አንድ፣ አስናቀች አንድ። አምስተኛው ድምፅ ለባህል ቤቱ ልጅ ነው፤ ሰጪው ራሱ የጃኖ ወገን የነበረው ነው፤ ሁለተኛው ልጅ ሳናስበው ወደ ሚካኤል ዞረ። ሁለት ድምፅ ለማሸነፍ ይበቃል አይበቃም በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።