ሪሺዮን መጠየቅ ነውር አይደለም

የነሸርና የሃይፋ ወገኖቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ የምናነሳው የትንፋሽ ጉዳይ ነው።

ብዙዎቹ እናቶቻችን በአገር ቤት ስንት ዘመን በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ጋግረው ነው ያሳደጉን። ያ ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ እናት በእርጅናዋ የአጫሽ በሽታ ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ በአንዳንዱ ቤት ኦክስጅን ማሽን ገብቷል፤ እኛም ቤት አለ።

አንድ ቀን ማሽኑን ከሚያቀርበው ድርጅት ሰው መጣ። ነጭ ልብስ ስለለበሰ አያታችን "ዶክተር፣ ይግቡ" አሉት። እሱም "ዶክተር አይደለሁም" አላለም። ማሽኑን አጸዳ፣ ቱቦውን ቀየረ፤ እሱ ሥራው ነው። ከዚያ ግን "ትንሽ ከፍ ላድርገው፣ ይቀላቸዋል" ብሎ ቁጥሩን ከ2 ወደ 4 አወጣው። ማታ አያታችን ራሳቸውን አመማቸው፣ ድብት ድብት አላቸው። ለኩፓት ሆሊም ነርሷ ስንደውል መጀመሪያ የጠየቀችን "ማን አዘዘ?" ብላ ነው። ወዲያው ከሐኪሙ ጋር አገናኘችን፣ ቁጥሩም ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክስጅን መድኃኒት ነው፤ ልኩን የሚያዘው ሐኪም ነው። በአንዳንድ የሳንባ በሽተኞች ላይ ከልክ ሲያልፍ ሰውነት ሊያስወጣው የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ ራስ ምታትና ድብታ ይመጣል፣ ከባሰም ለሕይወት ያሰጋል።

ታዲያ ያ ሰው ማን ነበር? አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን እንደሚያውቁት እዚያ "የመተንፈስ ባለሙያ" የሚባል ሙያ አለ። ከአላስካ በቀር ሁሉም ግዛቶች ሪሺዮን ይሰጡታል፣ ይቆጣጠሩታልም። እዚህ እስራኤል ግን ይህ ለብቻው ሪሺዮን ያለው ሙያ አይደለም። በ2008 የወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ ፊዚዮተራፒን፣ የምግብ ባለሙያን፣ የንግግር ሕክምናንና ሌሎችንም ይዟል፤ የመተንፈስ ባለሙያን አልያዘም። ሥራው ለሐኪም፣ ለነርስና ለፊዚዮተራፒስት ተከፋፍሏል። ቴክናይ የሚመጣው ለማሽኑ ነው። ማሽን ያውቃል ማለት በሽተኛ ያውቃል ማለት አይደለም።

በእኛ ባህል ቤት የገባን እንግዳ "አንተ ማነህ?" ማለት ነውር ነው፤ ቡና አፍልተን እናስተናግዳለን እንጂ አንመረምርም። እዚህ ላይ ግን መጠየቅ አለብን። ቡናውም ይፈላ፣ ጥያቄውም ይጠየቅ። ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ስምህ ማን ነው? ሙያህ ምንድን ነው፣ ሪሺዮን አለህ? ይህን ቁጥር እንድትቀይር ያዘዘ ሐኪም ማን ነው፣ ወረቀቱስ? መልስ ካላገኛችሁ ቁጥሩ ባለበት ይቆይ፣ ለኩፓት ሆሊም ደውሉ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰው ከደከመና አልነቃ ካለ ግን 101 ነው፣ አትጠብቁ። የሐኪምን፣ የነርስንና የፊዚዮተራፒስትን ሪሺዮን የጤና ሚኒስቴር በኢንተርኔት ለማንም ያሳያል። ልጆቻችሁ በስም ፈልገው ያሳዩአችሁ።

ለወላጆችም አንድ ነገር እንጨምር። ልጃችሁ "ሰው እንዲተነፍስ መርዳት እፈልጋለሁ" ካለች በጣም ደስ ይላል፤ ግን የትኛው በር ሪሺዮን እንዳለው አይታ ትግባ። በጥቂት ወር ኮርስ የሚገኝ ወረቀት ሥራ ሊያስገኝ ይችላል፣ የመንግሥት ሪሺዮን ግን አይሆንም። ከእኛ ከፍ ብሎ በካርሜል ላይ ያለው የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ነርስነትንም ፊዚዮተራፒንም ያስተምራል። ከዲግሪው በኋላ የመንግሥት ፈተና አለ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ያንን ሪሺዮን የያዘ ልጅ "ማን አዘዘ?" ሲባል መልስ አለው።

ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር የጤና ሙያ ዲፕሎማ ይዞ የመጣ ዘመድ ካላችሁም፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱን ለጤና ሚኒስቴር ያቅርብ። እዚያ የተማረው እዚህ በምን እንደሚመዘን ቀድሞ ይወቅ።

ዕብራይስጥ ለሚከብዳቸው ሽማግሌዎቻችን ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው። ሦስቱን ጥያቄዎች በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉላቸው። እግዚአብሔር ትንፋሻቸውን ያርዝምልን፣ አሜን።