ለማሙሽ፣ ዋንዛዎቹን ከማስቆረጥህ በፊት

ሊድስ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለማሙሽ፤

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። በስልክ ሳወራህ "እሺ እሺ" ብለህ ትዘጋብኛለህ፤ ወረቀቱን ግን ቢያንስ እስከ ግማሽ ታነበዋለህ ብዬ ነው።

ያረጁትን የቡና ጥላ ዋንዛዎች አስቆርጠህ ቶሎ የሚያድግ ጥላ ልትተክል፣ ከሚቀሩት ዛፎችም ግንዱ ላይ ያለውን "ተቀጥላ" ሁሉ ልታስጠርግ እንደሆነ እማዬ ነገረችኝ። ቡናውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ እዚህ ቁጭ ብዬ ገበሬ ልሁንብህ አልልም። ግን ያየሁትን ልንገርህና ከዚያ ትወስናለህ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ላንክሻየር ውስጥ ጌት ባሮውስ ወደሚባል ጥብቅ የተፈጥሮ ስፍራ ሄጄ ነበር። መሬቱ የተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ ነው። እዚያ ድንጋይ መሀል እንግሊዞች "የእመቤቲቱ ጫማ" የሚሏት ኦርኪድ አብባለች። ቁመቷ ከጉልበቴ አያልፍም። የፊተኛው የአበባዋ ክፍል ቢጫ፣ ድፍን፣ አፉ ክፍት ነው፤ እውነትም ጫማ! ግራና ቀኙን የተጠማዘዙ ቡናማ ቀይ የአበባ ቅጠሎች ይወርዳሉ። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ሳይ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉት።

ነገሩ ግን ወጥመድ ነው። መሬት ውስጥ የምትኖር ትንሽ ንብ ሽታው ስቧት ትገባለች፤ የሚቀመስ ማር የለም። ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ግድግዳው የሚያዳልጥ ስለሆነ በገባችበት መውጣት አትችልም። ከበስተኋላ ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ ቦታዎች አሉ፤ ወደ ብርሃኑ ስትሄድ ጠባብ ቀዳዳ ታገኛለች። ተጣብባ ስትወጣ መጀመሪያ የአበባዋን ሴቴ ክፍል ትነካለች፣ ቀጥሎ የወንዴው ብናኝ ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። ይህችው ንብ ሌላ አበባ ላይ ደግማ ካልተታለለች ልፋቱ ከንቱ ነው። አንዴ ሳይሆን ሁለቴ የምትሞኝ ንብ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠርልህ። በ18ኛው መቶ ዘመን ይህቺ አበባ ዮርክሻየር ውስጥ ሴትል በምትባል ከተማ ገበያ ላይ እየታሰረች ትሸጥ ነበር። ኋላ ኦርኪድ መሰብሰብ የሀብታም እብደት ሲሆን ከነሥሯ እየነቀሉ ጨረሷት፤ ጫካው መመንጠሩና የበጉ ግጦሽ አገዘ። በ1917 ከአገሩ ጠፍታለች ተባለ። በ1930 ዮርክሻየር ዴልስ ውስጥ አንዲት ተገኘች። በመላው ብሪታንያ አንዲት ብቻ! ያገኟት ሰዎች አፋቸውን ዘጉ፤ ቦታው ዛሬም ምስጢር ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ቀበሌው ሁሉ ይሰማው ነበር።

በአበባዋ ወቅት ዘብ እየቆመላት፣ ብናኟን በእጅ እያዳቀሉ ዘር አስያዟት። ግን የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ስንቅ የለውም። ጫካ ውስጥ የሚያበላው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ለንደን ያለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል በ1983 በጀመረው ሥራ ዘሩን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በጠርሙስ፣ ምግብ እያዘጋጀ አበቀለው። በ1989 ችግኝ ወደ ሜዳ ወጣ። የመጀመሪያው አበባ የታየው በ2000 ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ ማሙሽ! ቡና እንኳ ይህን ያህል ቢያስጠብቅህ ነቅለህ ጫት ትተክልበት ነበር። ይህ ሁሉ ተለፍቶም ሲልቨርዴል በምትባል መንደር ያለችውን አንድ ሌባ ስለቆረጣት በ2010 ፖሊስ እየተመላለሰ ጠበቃት።

ያንተ ዛፍ ላይ ያለውም ኦርኪድ ነው እንጂ ተቀጥላ አይደለም። ተቀጥላ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰክቶ ይጠባል። የዛፍ ላይ ኦርኪድ ቅርፊቱን ይዞ ይቀመጣል እንጂ ከዋንዛው ጠብታ አይወስድም። ያ ነጭ ወፍራም ሥሩ ዝናብና ጭጋግ ይመጥጣል፤ ሲረጥብ አረንጓዴ ሲለው አይተኸዋል። ማታ ማታ የሚሸተው ነጩ አበባ ከኋላው ቀጭን ረጅም ቱቦ አለው፤ ማሩ ጫፉ ላይ ስለሆነ ምላሷ የረዘመ የእሳት እራት ናት የምትደርስበት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያ እንዳለ ታያለህ። በደቡብ ምዕራቡ የቡና ጫካ የተደረገ ጥናት ደግሞ ዛፉ በሳሳበትና በተመነጠረበት ማሳ ዝርያቸው እንደሚያንስ አሳይቷል። አዲሱ ችግኝህ በጥቂት ዓመት ጥላ ይሰጥሃል፤ ኦርኪዱ ግን ሻካራ ቅርፊትና የዛፍ ሽበት የያዘ ግንድ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ወንዙ ዳር ያሉትን ሦስቱን ዋንዛዎች ተውልኝ። ጥላው ከበዛ የታችኛውን ቅርንጫፍ አስመልምል። ለቆራጩ ቀብድ ሰጥተህ ከሆነ እኔ እተካለሁ፣ አትጨነቅ። ነፋስ በጣለው ቅርንጫፍ ላይ ኦርኪድ ካገኘህም ከነቅርፊቱ አንስተህ ሌላ ዛፍ ላይ በቃጫ እሰረው፤ ብዙ ጊዜ ይይዛል።

ሲያብብ ፎቶ አንሳልኝ፤ ለእኔ ብቻ ላክ እንጂ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፈው። እማዬንም አስጠንቅቃት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ኑ ላሳያችሁ" የምትለው እሷ ናት።

ልጆቹን ሳምልኝ።

እህትህ