እማዬ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?

የሐበሻ እናት ሁለት ነገር ስትጠየቅ ወሬ ትቀይራለች፤ ዕድሜዋንና ሕመሟን። ዕድሜዋን ስትጠይቋት «ምን ሊያደርግልሽ?» ትላለች። ሕመሟን ስትጠይቋት ደግሞ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ቡና ታቀራርባለች። ጨዋነት ነው፣ አልከራከርም። ጉዱ የሚመጣው ስለ አጥንቷ ማወቅ የፈለግን ቀን ነው። የአንዲት ሴት አጥንት ወደፊት ይሰበር እንደሆነ ለመገመት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማሽን ሳይሆን ጥያቄ ነዋ! የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ዕድሜ ነው።

ነገሩን ያነሳሁት በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ አቃቂ ናት፤ ጉልበቷን ለፋብሪካ ሰጥታ ጡረታ የወጣች። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ደጃፏ ላይ ጭቃ አንሸራቷት በእጇ ተደግፋ ወደቀች፤ አንጓዋ ተሰበረ። ወጌሻ አሻት፣ በቀርከሃ አሰረላት፣ ዳነች። (ዕድለኛ ናት። ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም አጥቶ እጅና እግር እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።) ጎረቤት መጥቶ ጠየቃት። «ጭቃው ነው» ተባለ፤ «ጫማው ነው» ተባለ፤ «ዓይን ነው» ያለም አልጠፋም። በኋላ የሄደችበት ክሊኒክ «ዕድሜ ነው» ብሎ የካልሲየም ኪኒን ሸጠላት። «ከቆምሽበት ወድቀሽ ለምን ተሰበርሽ?» ያላት ግን አልነበረም።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጤናማ አጥንት ከቁመት በማይበልጥ ከፍታ በመውደቅ ብቻ እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም። ካረጠች በኋላ አንዴ የተሰበረች ሴት ዳግም የመሰበር ዕድሏ ካልተሰበረችው እጥፍ ገደማ ነው። አንጓ ደወል ነው፤ የሚፈራው ዳሌ ነው። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ዓመት ሳይሞላቸው ያርፋሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው አይራመዱም።

«ታዲያ ማሽን የለም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። አለ። ዴክሳ ይባላል፤ በጥቂት ጨረር የአጥንትን እፍጋት ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) መስመር አሰመረ፦ ውጤቷ ከወጣት ሴቶች አማካይ በ2.5 ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ የወረደ ሴት የአጥንት መሳሳት አለባት ተባለ። ወጣት ሴቶች የተባሉት እነማን መሰሏችሁ? መለኪያ ሆነው የቆዩት ከ20 እስከ 29 ዓመት ያሉ ነጭ አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። የአቃቂዋ ጡረተኛ ከኦሃዮ ኮረዳ ጋር ትወዳደራለች ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ ችግር ደግሞ አለ። ከሚሰበሩት ሴቶች አብዛኞቹ ከዚያ መስመር በታች ያልወረዱ ናቸው። ማሽኑ አጥንቱን እንጂ ሴትዮዋን አያይም። ሁለት ሴቶች እኩል እፍጋት ኖሯቸው አንዷ የ50፣ ሌላዋ የ80 ዓመት ሰው ብትሆን የሁለቱ አደጋ አንድ አይደለም።

ይህን ያዩ የእንግሊዙ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፕሮፌሰር ጆን ካኒስ መሪነት በ2008 «ፍራክስ» የሚባል ካልኩሌተር አወጡ። 11 ጥያቄ ይጠይቅና ሴትዮዋ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ውስጥ የመሰበር ዕድሏ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራል፤ የዳሌውን ለብቻ፣ ዋና ዋናዎቹን ስብራቶች አንድ ላይ። 12ኛው የዴክሳ ውጤት ነው፤ ከሌለ ይታለፋል። ከ40 እስከ 90 ዓመት ላለ ሰው ይሠራል። እኔም አንድ እሑድ ቡና ላይ ስልኬን ይዤ እናቴ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ዕድሜ። «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ በእቅፍ ነበርኩ።» 1960 መሆኑ ነው፤ ስለዚህ 66 ገደማ ናት። የቀበሌ መታወቂያዋ ግን 70 ይላል። ፋብሪካ ስትቀጠር «ልጅ ናት» ብለው እንዳይመልሷት አራት ዓመት ጨምራ ነበር። ለካልኩሌተሩ አራት ዓመት ቀላል አይደለም።

ክብደት። ይሄ ሚዛን ይዘው መንገድ ዳር ለተቀመጡት ልጆች ምስጋና ይግባና በጥቂት ብር አለቀ። ቀጭን ሴት ይበልጥ ትሰበራለች።

ቁመት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እናቴ ቀሚሶቿ ረዘሙብኝ ብላ ማሳጠር ከጀመረች ቆይታለች። ቀሚስ አያድግም፤ ሴት ናት የምታጥረው። በወጣትነት ከነበረ ቁመት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ከጠፋ፣ ማንም ያላወቀው የአከርካሪ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ኤክስሬይ ያስፈልጋል። አብዛኛው የአከርካሪ ስብራት «ወገቤን» ተብሎ የሚታለፈው ነው።

ከዚህ በፊት ተሰብረሽ ታውቂያለሽ? «ኧረ አላውቅም!» አለች በዚያው በተሰበረው እጇ ጀበናውን እያነሳች። በሷ ሒሳብ ወጌሻ ያዳነው ስብራት አይደለም፤ ወለምታ ነው።

እናት ወይም አባትሽ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃል? አያቴ ደጅ ወድቃ አልጋ ያዘች፤ «ወገቧን ነው» ተባለ፤ ሦስት ወር ተኝታ አረፈች። ኤክስሬይ አልተነሳች። ምን ብዬ ልሙላ?

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ጾታው ግልጽ ነው። ሲጋራ፦ ለእናቶቻችን ስድብ ነው፤ የለም። መጠጥ፦ በቀን 3 መለኪያና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው የሚቆጠረው፤ የማኅበር ጠላ አይገባም። ሩማቶይድ አርትራይተስ፦ ሐኪም ያረጋገጠው ብቻ እንጂ ቁርጥማት ሁሉ አይደለም። ሌላ አጥንት የሚያሳሳ በሽታ፦ ከ45 ዓመት በፊት ማረጥም እዚህ ውስጥ ይገባል። የስቴሮይድ መድኃኒት፦ ፕሬድኒሶሎን በቀን 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ ከተወሰደ ይቆጠራል። ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የታዘዘላትን እየደጋገመች የምትውጥ እናት ካለቻችሁ ማሸጊያውን አንብቡት። (አቁሚ አትበሏት፤ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። ለሐኪሟ አሳዩት።)

ስንት ልጅ ወለድሽ? ስንት አጠባሽ? የሚል ጥያቄ እንደሌለ ልብ በሉ። «አጥንቴን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ» የሚለው ክስ ውድቅ ነው ማለት ነው፤ በማጥባት የሚቀንሰው አጥንት ጡት ከተጣለ በኋላ ይመለሳል። ስንት ብርጭቆ ወተት ጠጣሽ? ስንት ጾም ጾምሽ? የሚልም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ካልኩሌተሩ ባዶ የተተወን ጥያቄ «የለም» ብሎ ነው የሚቆጥረው። ለሼፊልድ ሴት ይህ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ፋይሏ አለ። ለአቃቂ ሴት ግን አያቷ ኤክስሬይ ስላልተነሳች «የለም»፣ ስብራቷን ወጌሻ ስላዳነው «የለም»፣ የኪኒኑን ስም ስለማታውቀው «የለም»። በመጨረሻ የሚወጣው ቁጥር ያማረ ይሆናል። አለማወቃችን ጤና ሆኖ ይመዘገባል!

አገር ላይም ይኸው ነው። ፍራክስ ቁጥሩን የሚያወጣው በየአገሩ የስብራትና የሞት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ወጌሻ ቤት የገባ ስብራት በየትኛው መዝገብ ይሰፍራል? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። የአሜሪካው ፍራክስ ዘር ይጠይቃል፤ «ጥቁር» ስትል ቁጥሯ በእጅጉ ዝቅ ይላል፤ በአፍሪካ አሜሪካውያን አማካይ ስለተሠራ። በ2024 የአሜሪካ የአጥንት ተመራማሪዎች ማኅበር ግብረ ኃይል ዘርን የማይጠይቀው ቀመር ሥራ ላይ እንዲውል መክሯል። ሕክምና የሚጀመርበት ወሰንም እንዲሁ ነው። የአሜሪካኖቹ 3 በመቶ ለዳሌ፣ 20 በመቶ ለዋና ዋና ስብራቶች የሚለው በእነሱ ኪስ ተሰልቶ የወጣ ነው።

«ታዲያ ጥያቄው ምን ረባን?» እንዳትሉ። እንግሊዝ ውስጥ ከ70 እስከ 85 ዓመት የሆኑ 12,483 ሴቶች የተሳተፉበት፣ በ2018 የታተመ ጥናት አለ። የግማሾቹ አደጋ በፖስታ በተላከ መጠይቅ ተገመተ፤ አደጋቸው ከፍ ያለው ተለይተው ዴክሳ ተነሱ፣ የሚገባቸው ታከሙ። በአምስት ዓመት ውስጥ ጠቅላላው የስብራት ቁጥር ብዙም አልተለወጠም፤ የዳሌ ስብራት ግን በ28 በመቶ ቀነሰ። ነገሩ የተጀመረው በፖስታ በተላከ ወረቀት ነው! እኛ ዘንድ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። ከክትባትና ከቤተሰብ ምጣኔው ጎን «ካረጥሽ በኋላ ወድቀሽ ተሰብረሻል?» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ስንት ያስወጣል?

መድኃኒቱም ተረት አይደለም። አሌንድሮኔት የሚባለው ኪኒን በሳምንት አንዴ ይወሰዳል። በ1996 በታተመ ጥናት፣ አከርካሪያቸው ቀድሞ የተሰበረ ሴቶች ላይ የዳሌ ስብራትን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ዳሌዋ ወይም አከርካሪዋ በቀላል አወዳደቅ ለተሰበረ ሴት ካልኩሌተር መጠበቅም አያስፈልግም፤ የሕክምና መመሪያዎች «ታከም» ነው የሚሉት። ግን ይህ ኪኒን ለሁሉም የሚታደል ከረሜላ አይደለም። የኩላሊት ሁኔታ ይታያል፤ ጥርስ የሚነቀል ካለ አስቀድሞ ይነቀላል፤ ከዓመታት በኋላ ሐኪም መቀጠል አለመቀጠሉን ይወስናል። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥና ለግማሽ ሰዓት ሳይተኙ፣ ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ግማሽ ሰዓት ያለ ቡና? ይሰበር!» አለች።

ቀልዱ ካለቀ በኋላ ግን እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ «የተሰበረው» ብላ ጠራችው። ቀጠሮ ይዘናል፤ ቁመቷ ስለቀነሰ የአከርካሪ ኤክስሬይም እንጠይቃለን።

እስከዚያው ፍራክስ ከ11ዱ ውስጥ ያላካተተው አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፦ መውደቅ። ሌሊት ወደ ጋራ ሽንት ቤት የምትወጣበት መንገድ መብራት አለው? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት የምትይዘው የደረጃ መደገፊያ ጠንካራ ነው? ከታክሲ የምትወርድበት ቦይ ክዳን አለው? የቃሊቲን መንገድ የሚያውቅ መልሱን ያውቃል። አምፖል ግን ከኪኒን ይረክሳል።

ለኛ ለወጣቶቹም ሒሳቡ ተጀምሯል። የእናታችሁ ዳሌ ከተሰበረ፣ ነገ በእናንተ መጠይቅ ላይ «አዎ» ተብሎ የሚሞላው እሱ ነው። ስለዚህ ጠይቁ፤ የነገረቻችሁንም በደብተር ጻፉት፦ መቼ እንደወደቀች፣ የቱ እንደተሰበረ፣ የትኛውን ኪኒን ለስንት ወር እንደወሰደች፣ አያታችሁ እንዴት አልጋ እንደያዘች። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ቸር ያሰንብተን!