ለቀን ስንት ቅጠል፣ ለሰው ስንት ቅጠል

አጀንዳ የሚገመግሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከቆዳው ይጀምራሉ፤ ይለሰልሳል ወይ፣ ይቧጨራል ወይ፣ ሽታው እንዴት ነው። ለንደን ውስጥ በነርስነት የምትሠራው ሴት ግን አጀንዳዋን ለቆዳው ብላ አልገዛችውም። የገዛችው አንድ የማኅበሯ አባል በድንገት ካረፈ በኋላ ነው። ሰውየው ብቻውን ይኖር ነበር። ስልኩ አልጋው አጠገብ ተገኘ፤ በምስጢር ቁጥር ተቆልፏል። እናቱም፣ እህቶቹም፣ የልጅነት ጓደኞቹም እዚያ ውስጥ ናቸው። ወዳጆቹ መርዶውን ለማን እንደሚያደርሱ ሲያጠያይቁ ሰነበቱ። እናቱ የሰማችው በስድስተኛው ቀን ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ስልክ ውስጥ ያለው አይረሳ ይሆናል፤ ግን አይወረስም።

ያገኘችው ያገለገለ አጀንዳ ነው፤ ቡናማ፣ ጠርዙ የነጣ፣ ስድስት ቀለበት ያለው። ዓይነቱ «ኮምፓክት» የሚባለው ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ወረቀቱ አላነሰምና። ወረቀቱ «ፐርሰናል» የሚሉት የተለመደ መጠን፣ 95 በ171 ሚሊሜትር ነው። ያነሰው ቀለበቱ ነው፦ በመደበኛው ላይ 23 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው፣ በኮምፓክቱ ላይ 15 ገደማ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አጀንዳው ይቀጥናል፤ ከምሳ ዕቃና ከመለወጫ ጫማ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ዋጋው የሚከፈለው በቅጠል ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ የሚሰጥ የዓመት ወረቀት 183 ቅጠል ነው። አሥር ቅጠል አንድ ሚሊሜትር ይወፍራል ቢባል ከ18 ሚሊሜትር ያልፋል፤ አይገባም። ሳምንቱን በሁለት ገጽ የሚዘረጋው ግን 53 ቅጠል ገደማ ስለሆነ ከአምስት ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። የተረፈው ቦታ ለሰዎች ስምና አድራሻ ነው። ኮምፓክት የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ሊወስን የሚገባው ይህንን ነው፤ ለቀን ስንት ቅጠል፣ ለሰው ስንት ቅጠል።

የዕቃው ታሪክም ወደ ሰው ያደላል። ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካ፣ ከፊላደልፊያ ነው፤ ሌፋክስ የተባለው ባለ ቀለበት ደብተር መሐንዲሶች ሠንጠረዥና ቀመር የሚይዙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ኖርማን ኤንድ ሂል ሐሳቡን ወሰደና «ፋይሎፋክስ» በሚል ስም ሸጠው። በዚያ ቤት በጊዜያዊ ጸሐፊነት የተቀጠረች ግሬስ ስከር የምትባል ሴት ነበረች። በ1940 የጀርመን ቦምብ መሥሪያ ቤቱን ከነመዝገቡ ሲያወድመው፣ የደንበኞችና የአቅራቢዎች ስምና አድራሻ የተረፈው በእሷ የግል አጀንዳ ውስጥ ነው። ንግዱ እንደገና የቆመው ከዚያ ነው። ግሬስ ስከርም በኋላ የድርጅቱ ሊቀ መንበር እስከ መሆን ደርሳለች። በ1980ዎቹ ይኸው ደብተር የለንደን ወጣት ሀብታሞች መለያ ሆኖ መሳለቂያም መመኪያም ሆነ። ዕቃውን ያዳነው ግን ቄንጡ አልነበረም፤ አንዲት ጸሐፊ የሰው ስም በእጇ ጽፋ መያዟ ነው።

ነርሷ አጀንዳውን አንድ ዓመት ያዘችው። የመጀመሪያው ፈተና የቀን መቁጠሪያው ነበር። ሱቅ የሚሸጠው ወረቀት በጃንዋሪ ይጀምራል፤ መስከረም 1 በሴፕቴምበር መካከል ያለ ምንም ምልክት ያልፋል። አገር ቤት መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ የሚያድሉት አጀንዳ ሁለቱንም አቆጣጠር ያሳያል፤ ግን የተጠረዘ ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ባለ ቀለበቱ ያሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ የራስን ወረቀት ይቀበላል። አንድ ኤ4 ወረቀት በአግድም ቢያዝ ሦስት የፐርሰናል ቅጠል ይወጣዋል። የኢትዮጵያ ወር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ በፊት ገጽ 15፣ በጀርባ 15 መስመር ይበቃዋል። ለዓመቱ አሥራ ሦስት ቅጠል፣ የመጨረሻዋ አምስት መስመር ብቻ ያላት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም በየወሩ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። አንዴ የተሠራው ቅጠል ለሁሉም ዓመት ይሆናል፤ የሚለወጠው የሳምንቱ ቀን ነው።

ሰዓቱ ሁለተኛው ፈተና ነው። የሥራ ተራዋ 20:00 ተብሎ ይጻፋል። ደሴ ያሉት እናቷ ደግሞ «በሰባት ሰዓት ደውዪ» ይላሉ። ይህ በለንደን የብርድ ወራት ጠዋት 10:00 ነው፤ በጋው ገብቶ የለንደን ሰዓት ሲገፋ 11:00 ይሆናል። ስልክ የሰዓት ልዩነትን ያሰላል፤ ከንጋት የሚጀምረውን አቆጣጠር ግን ባለቤቱ ራሱ ማሰብ አለበት። ነርሷ የሥራውን በተለመደው አኃዝ፣ የአገር ቤቱን በግዕዝ ቁጥር መጻፍ ጀመረች። ፯ ካየች እናቷ ናቸው።

ሦስተኛው ፈተና የአድራሻው ክፍል ነው። የእንግሊዝኛው መለያ ካርድ ሰውን በቤተሰብ ስም ይደረድራል። በዚያ ሥርዓት አንድ አባት የወለዳቸው ሁሉ በአባታቸው ፊደል ሥር ይከማቻሉ፤ ባልና ሚስት ደግሞ ይለያያሉ። እሷ ካርዶቹን አውጥታ በ«ሀ ለ» ቀየረቻቸው። 33ቱን ፊደላት ለየብቻ ካርድ መስጠት ቀለበቱን ያጨናንቃል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሠ እና ሰን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ስታጋባቸው 28 ሆኑ፤ «ኃይሉ»ን በየትኛው ሀ ልፈልገው የሚለው ጭንቀትም ቀረ።

ጉድለቱ አይካድም። ቀለበቱ ትንሽም ቢሆን በጀርባ ገጽ ላይ ሲጻፍ መዳፍን ይገፋል። ቀለበቶቹን በጣት ፈልቅቆ መክፈት ጥርሳቸውን ያዛባል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በክፍተቱ ይሾልካል። ስድስት ቀዳዳ የሚበሳ መብሻ እንደ ልብ አይገኝም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ቅጂ የለውም፤ አውቶቡስ ላይ ከተረሳ ተረሳ። ቁልፍም የለውም፣ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ የሕመምተኛ ስም አይጻፍበትም፤ የባንክ ምስጢር ቁጥርም እንዲሁ።

ቀለበት ያመጣው ሌላ ጥያቄም አለ። የተጠረዘ ደብተር ሰውን አያስወጣም፤ ስሙ ቢሰረዝ እንኳ ቅጠሉ ይቀራል። በቀለበቱ ግን አንድ ቅጠል ማውጣት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ያረፈውስ ሰው ቅጠል ይውጣ? ቦታ ጠባብ ነው፣ ስልኩም ከእንግዲህ አይነሣም። ነርሷ አላወጣችውም። ከፊደሉ አንሥታ ከኋላ ኪሱ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ የዕረፍቱን ቀን ጻፈች፣ ለተዝካሩ እንዲያገለግል። አሁን እዚያ አራት ቅጠሎች አሉ።

ከሁሉ ፊት የምትገኘው ቅጠል ከአጀንዳው ጋር የመጣች ናት። ስም፣ አድራሻ፣ የደም ዓይነት፣ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው»፤ ለመጨረሻው የተሰጠው አንድ መስመር ነው። እርግጥ ስልክም ቢሆን አስቀድሞ ከተሞላበት፣ ተቆልፎ ሳለ ይህንን ማሳየት ይችላል። ነርሷ በዚያ መስመር ላይ ለንደን ያለች ጓደኛዋን በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ሆስፒታል የሚፈልገው ይህንን ነውና። ከዚያ ግን ራሷ የቆረጠችውን አንድ ባዶ ቅጠል ከኋላዋ ጨመረችና በአማርኛ ቀጠለች፦

«ለእናቴ በስልክ አይነገር። መጀመሪያ ለወንድሜ ይደወል። እሱም ብቻውን እንዳይሄድ፤ የንስሐ አባቷንና ጎረቤቶችን ይዞ፣ ማለዳ፣ ከቤት ሳትወጣ ይንገራት።»

ቆዳው መልካም ነው፤ ያዝ ሲያደርጉት ይለሰልሳል፣ ጭረቱም እየዋለ ሲያድር ከቀለሙ ጋር ይዋሐዳል። ግን ይህ አጀንዳ ዋጋውን ያወጣው በዚች ቅጠል ነው። ቅጹን የነደፉት ሰዎች አንድ መስመር ይበቃል ብለው አሰቡ፤ ለማይበቃው ደግሞ ቀለበቱን ክፍት አደረጉት።